ጤፉ ንጹሕ ነው፤ እንጀራውስ?

«እናንተማ ዕድለኞች ናችሁ። ጤፍ እኮ ግሉተን የለውም!»

ታናሽ እህቴ ሴሊያክ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ይህን ያልነገረን ሰው የለም። ጎረቤት ብሎናል፣ የማኅበር ሰው ብሎናል፣ አንዲት ፈረንጅ የምግብ አማካሪ ደግሞ እንጀራን ከእኛ በላይ እያሞገሰች ብላናለች። ሁሉም በቅንነት ነው። ነገሩም እውነት ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን እህቴ ባለፉት ሦስት ዓመታት ክፉኛ የታመመችባቸውን ቀኖች ብንቆጥር፣ ከዳቦ ይልቅ እንጀራ ነው በብዛት የጣላት። ዳቦውንማ ታውቀዋለች፤ አትነካውም። እንጀራውን ነው አምና የምትጎርሰው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። «ዳቦ አይስማማኝም» የሚባለውም ዓይነት አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ሰውነቱን የሚመታበት በሽታ ነው። ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ በጥቅሉ ግሉተን የምንለው፣ ትንሹ አንጀት ጋ ሲደርስ መከላከያው ጠላት መጣ ብሎ ይነሳል። የሚመታው ግን አንጀቱን ነው። የትንሹ አንጀት ግድግዳ እንደ ሥጋጃ ጸጉር በቆሙ ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በእነሱ ነው። ግሉተን በተመላለሰ ቁጥር ያጥራሉ፣ በመጨረሻም ይተኛሉ፤ ሥጋጃው ተላጨ እንበል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ብትበሉ ብረቱም ካልሲየሙም ቫይታሚኑም ወደ ደም በአግባቡ አይገባም።

ለዚህ ነው ሴሊያክ ሁልጊዜ የሆድ በሽታ መስሎ የማይመጣው። አንዱን ተቅማጥና የሆድ መነፋት ያሰቃየዋል። ሌላው ሆዱ ሰላም ነው፤ ግን ደም ማነሱ አልለቀው ይላል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ወይም ክርኑና ጉልበቱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣበታል። ልጅ ከሆነ ቁመቱ ይቆማል። ልጅ መውለድ እምቢ ያላቸው ሴቶች ላይ ከጀርባው ሴሊያክ የተገኘበት ጊዜ አለ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይም ከሌላው በበለጠ ይታያል። እህቴ አዲስ አበባ እያለች መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባለች፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። እኛ አገር የሆድ ነገር ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም መቼስ። የብረት ክኒን ለዓመታት ዋጠች። ደሟ ግን አልሞላ አለ። ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ ነው አንድ ሐኪም «ይህ ሁሉ ብረት የት እየገባ ነው?» ብሎ የጠየቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይጸጽተኛል። ሴሊያክ ይሆን ብላችሁ የጠረጠራችሁ ሰዎች፣ ከመመርመራችሁ በፊት ስንዴ አታቁሙ። ምርመራው ሰውነት በግሉተን ላይ ተቆጥቶ የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ከደም ውስጥ መፈለግ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቱቦ ከአንጀት ናሙና መውሰድም ይከተላል። ስንዴ ከተተወ ቁጣው ይበርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፣ ምርመራውም «ነጻ ነህ» ሊል ይችላል። ዩቲዩብ አይቶ ዳቦ ካቆመ በኋላ ወደ ሐኪም የሄደ ሰው እንደገና ለሳምንታት እየታመመ ስንዴ ብላ ይባላል። ሳይመረመሩ ማቆም አይመከርም። ሌላው ደግሞ የቤተሰብ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ከተገኘበት እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህትና ልጅ ይመርመሩ። ከአሥር የቅርብ ዘመድ አንዱ ገደማ ላይ ይገኛል። እኔም ተመርምሬያለሁ፤ ነጻ ነኝ፤ ዳቦ ቤት ባለፍኩ ቁጥር ግን ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውንም ቶሎ እንለፈው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ሴሊያክ አለበት። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ግን አውሮፓ ውስጥ አይደለም። በ1999 የታተመ ጥናት በአልጄሪያ የስደተኛ ካምፖች ያሉ የምዕራብ ሰሃራ ልጆችን መርምሮ 5.6 በመቶ አግኝቷል። አፍሪካውያን ናቸው፤ የስንዴ ዳቦ የዕለት ምግባቸው ነው። በሽታው ቆዳ አይመርጥም። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ እና በየቀኑ የሚበላ ስንዴ ወይም ገብስ። ዝንባሌው ያለው ሁሉ አይታመምም፤ ስንዴም ገብስም የሌለበት ቤት ግን ሕመሙ የሚነሳበት ምክንያት የለም። የእኛ ከተሞች ደግሞ ከዳቦው፣ ከፓስታው፣ ከማካሮኒው ጋር ከተላመዱ ቆይተዋል።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀበት ታሪክም ደስ ይላል፣ ማለቴ የሚያሳዝን ነው፣ ግን ደስ ይላል። ቪለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕጻናት ሐኪም ነበር፤ ሄግ ከተማ ይሠራ ነበር። ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ጠርጥሯል። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ ክፉ ረሃብ ገባ፣ ዳቦ ጠፋ፣ ሰው የአበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። አገር ሲራብ እነዚያ ታማሚ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። በ1950 በዚሁ ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። እስከ ዛሬ ድረስ ያለው መድኃኒት ያው እሱ ያገኘው ነው፦ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው። ክኒን የለም፣ መርፌ የለም። በነገራችን ላይ ያችው ሄግ ለእኛ ሌላ ታሪክም አላት። ጤፍ ግሉተን እንደሌለው ሲታወቅ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ባለቤትነት መብት ያወጣ የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ የአያቶቻችንን እህል ማለት ነው። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን መብት ሻረው። እኛም ደስ ብሎን «ጤፍ የኛ ነው፣ ግሉተን የለውም» ብለን ለጠፍን። ሁለቱም ልክ ነው። ግን እዚያው ላይ ቆምን።

እስቲ ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው። በአሜሪካ አንድ የታሸገ ምግብ «ግሉተን የለውም» ተብሎ እንዲጻፍበት በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ኤፍዲኤ የሚባለው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደንቡን ያወጣው በ2013 ነው፤ አውሮፓም በዚሁ 20 ነው የሚሠራው። ልብ በሉ፣ «የለውም» ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ለምን 20 ሆነ? በ2007 የታተመ የጣሊያን ጥናት አለ። ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ለሦስት ወር በየቀኑ ግሉተን በካፕሱል ወሰዱ፤ ገሚሱ 50 ሚሊግራም፣ ገሚሱ 10፣ ገሚሱ ባዶ ካፕሱል። 50 የወሰዱት አንጀታቸው ተጎዳ። 10 ሚሊግራም ለአብዛኛው ሰው ችግር አያመጣም ተብሎ የሚሠራበትም ከዚህ ዓይነት ጥናት ተነስቶ ነው። ሆኖም 10 ከወሰዱት አንዱ ታሞ አቋርጧል። እህቴ «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» ትላለች።

50 ሚሊግራም ምን ያህል ነው? አንድ ቁራጭ የፈረንጅ ዳቦ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለ፤ 2000 ሚሊግራም ማለት ነው። ያንን ቁራጭ 40 ቦታ ፈርፍሩት። አንዷ ፍርፋሪ 50 ሚሊግራም ናት። በየቀኑ አንድ ፍርፋሪ፣ በቃ። አስተናጋጅ ሰላጣው ላይ የነበረውን ዳቦ በእጁ አንስቶ «ይኸው አወጣሁልሽ» ሲል እህቴ ለምን እንደማትበላ አሁን ይገባችኋል።

አሁን ወደ እንጀራ። የ20 ገደቡ የታሰበው አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እንዲህ ያለ ምግብ ቢበላ 10 ሚሊግራም ላይ ይቆማል በሚል ስሌት ነው። ለብስኩት ይሠራል። ማን ግማሽ ኪሎ ብስኩት ይበላል? እንጀራ ግን ሌላ ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። በቀን ሁለት የሚበላ ሐበሻ ብርቅ አይደለም፤ ገደቡ ጫፍ ላይ ባለ እንጀራ እንኳ 12 ሚሊግራም ደረሰ። እንጀራው በኪሎ 100 ሚሊግራም ከያዘ ደግሞ በሁለት እንጀራ 60 ነው። ጣሊያኖቹ አንጀት ሲጎዳ ካዩበት በላይ። ለኛ ገበታ «ትንሽ ነው» የሚለው ሒሳብ ቶሎ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም እኛ እንጀራን ከምግብ ጋር አንበላም፤ ምግቡ ራሱ እሱ ነው፣ ሳህኑም እሱ ነው፣ ማንኪያውም እሱ ነው።

ግሉተኑ ከየት ይመጣል? ከጤፉ አይደለም። በ2005 በሆላንድ የላይደን ከተማ ተመራማሪዎች 14 ዓይነት ጤፍ መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅስ ነገር አላገኙበትም። የሚመጣው ጤፉን ከነካው ነገር ነው። ጤፍ የተወቃበት አውድማ ላይ ባለፈው ሳምንት ስንዴ ተወቅቶ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ግን ቀላሉ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ናት፤ 150 ፍሬ የአንድ ስንዴ ያህል ትመዝናለች ይባላል። ስለዚህ እህሉን ሳይፈጭ ገዝቶ በጥሩ ወንፊት የነፋ ሰው ጤፉ ይወርድለታል፣ ስንዴውና ገብሱ ላይ ይቀራል። እናቶቻችን ይህንን ያለ ምንም ላቦራቶሪ ሲሠሩት የኖሩት ነው።

ወፍጮ ቤት ሲገባ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ተራ ጠብቃችሁ ከፊታችሁ ያለችው ሴት ስንዴ አስፈጨች እንበል። ድንጋዩ መሐል፣ አፉ ላይ፣ ጨርቁ ውስጥ የቀረው ዱቄት እናንተ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ስንት ይሆናል? ብዙ አይደለም። ግን አስሉት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 8 ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ ከ600 ሚሊግራም የማያንስ ግሉተን አለ። ያንን ሩብ ኩንታል ጤፍ ላይ በትኑት። በኪሎ 24 ሚሊግራም ሆነ። አንድ ማንኪያ፣ ለ25 ኪሎ! ዱቄቱ «ግሉተን የለውም» መባል ቀረበት ማለት ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ ወንፊትም አያድነውም። ማኛ ይሁን ሰርገኛ ለውጥ የለውም፤ ሻጩ «ማኛ ነው፣ ንጹሕ ነው» ሲል ስለ ጥራቱ እያወራ ነው፣ ስለ ወፍጮው አይደለም። ሽሮውም በርበሬውም የሚፈጨው እዚያው መሆኑን እንዳትረሱ።

ከዚያ ሆን ተብሎ የሚቀላቀለው አለ። እማዬ አሜሪካ ስትገባ መጀመሪያ ያስተማሯት የእንጀራ ሞያ ጤፉ ላይ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባል የስንዴ ዱቄት ጣል ማድረግ ነው። ዓይኑ ያምራል፣ በብርዱም ቶሎ ይነሳል፣ ወጪም ይቀንሳል። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙው እንዲህ ነው፤ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት። ማንም እያጭበረበረ አይደለም፤ ጣዕሙን የለመደው ደንበኛ ራሱ ነው የሚፈልገው። አገር ቤትም ጤፍ በተወደደ ቁጥር ድብልቁ ይበዛል። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ከተቀላቀለ ለሴሊያክ ሰው ምንም አይደለም። ገብስ ከገባ ግን አለቀ። እንጀራው ደግሞ አይናገርም፤ በዓይን ገብስ ያለበትንና የሌለበትን መለየት ባለሞያንም ያስቸግራል። አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፦ የምግብ መለያ ሕጉ ስንዴን እንደ አለርጂ አምጪ ለይቶ መጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን አያስገድድም። ስለዚህ «ስንዴ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ለእህቴ ምንም አልነገራትም። ብቅል የሚል ቃል ካየች ትመልሰዋለች፤ ብቅል ብዙ ጊዜ ገብስ ነው። ጠላም እንደዛው። ጠጅ ግን ማርና ጌሾ ነው፤ እሱን እግዜር ተወላት።

ምርመራው በወጣ ሰሞን እማዬ ሁሉንም ቀየረች። መቶ በመቶ ጤፍ፣ በታሸገ ከረጢት፣ ተመርምሮ የተጻፈበት። እህቴ ግን መታመሟን አላቆመችም። ለሁለት ሳምንት ግራ ገባን። በመጨረሻ የተያዘው ጥፋተኛ ማን መሰላችሁ? እርሾው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው እርሾ ከድሮው ቡሆ የተቀዳ ነው፤ ስንዴው በእርሾ አድርጎ ወደ አዲሱ ቡሆ እየተሻገረ ነበር። ሰው ሁሉ «ቦክቶ የለ እንዴ፣ ይበላዋል» አለን። አይበላውም። እንደኛ ያለ የቤት ማቡካት ግሉተኑን ለሴሊያክ ሰው እስኪበቃ አያጠፋውም። «ምጣዱ ያቃጥለዋል» የሚሉም ነበሩ። እሳትም አይገድለውም፣ ተህዋስ አይደለማ። ግሉተን የሚወገደው ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ከዕቃው ላይ ሲለቅ ብቻ ነው። እርሾውን ደፋን፤ ጭረት የበዛበትን የፕላስቲክ ባልዲ፣ ወንፊቱን፣ የምጣዱን ማሰሻ ጨርቅ ጣልን። ሰፌዱን እማዬ በእንባ ነው የሸኘችው፤ ከጎንደር ይዛው የመጣችው ነው፣ ስፌቱ መሐል የገባ ዱቄት ግን በምን ይወጣል?

ያን ሰሞን ቤታችን ፍርሃት ነገሠ። እህቴ በር እጀታ እስከ መጥረግ ደረሰች። ይህም ሕመም ነው፤ ሰው ሁሉን እኩል ከፈራ ይደክማል፣ ከደከመ ደግሞ ዋናውን ይስታል። ዋሽንግተን ዲሲ ካለው የሕጻናት ሆስፒታል በ2020 አንድ አነስተኛ ጥናት ወጥቶ ነበር። ዳቦ መጥበሻ መጋራት ያን ያህል የተፈራውን ግሉተን አላስተላለፈም፤ ከ20 በታች ነው የተገኘው። የስንዴ ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ ውስጥ ሌላ ፓስታ መቀቀል ግን ከገደቡ አሳልፎታል። ለእኔ የገባኝ፣ የሚያስፈራው እርጥብ ነገር፣ ዱቄትና ተመላልሶ የሚገባ ነገር ነው። በኛ ኩሽና ይህ ማለት ቡሆው፣ እርሾው፣ የወፍጮው ዱቄት፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የተጠበሰበት ዘይት ማለት ነው። ታጥቦ የደረቀ የብርጭቆ ሳህን አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ ዱቄት ሲነሰነስ እህቴ ትወጣለች፤ እኔ ሶፋ ላይ ብስኩት ብበላ ግን ምንም አትሆንም።

ስለ ሕመሙ መጠን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። እህቴ ጥቂት ግሉተን ከገባባት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታስመልሳለች፣ ከዚያ ለሦስት ቀን ትደቃለች፣ ጭንቅላቷ ጉም ይሆናል። አንድ የምናውቀው ልጅ ደግሞ ያው ሴሊያክ አለበት፤ ፒዛ በልቶ ምንም አይሰማውም። «አንተ ቀላሉ ነው የያዘህ» ይሉታል። የለም። ሕመም መሰማትና አንጀት መጎዳት አብረው አይሄዱም። እሱ ሳይሰማው ሥጋጃው ሊላጭ ይችላል፤ እሷ ቶሎ ስለሚሰማት ቢያንስ ታውቃለች። እንዲያውም እኔን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ምግብ ቤት እንግባ። «መቶ በመቶ ጤፍ አላችሁ?» ብዬ ደወልኩ። «አለ፣ ግን ከአንድ ቀን በፊት ይታዘዛል፣ ትንሽ ጭማሪ አለው» አለችኝ ልጅቷ። ጥሩ። «የኔ እህት፣ ምጣዱስ አንድ ነው?» ዝም አለች። «ምጣዱ ምን ይሆናል?» ይህ ጥያቄዋ ሁሉንም ነገረኝ። አልቀየምኳትም፤ ማን አስተምሯት? ከምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን ነካው ብሎ መጠየቅ አልለመድንም። ስለዚህ አሁን ስደውል ስለ ጤፍ በመጨረሻ ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ እርሾው ለብቻ ነው ወይ እላለሁ፣ ምጣዱ፣ ወጡ በዱቄት ይወፍራል ወይ፣ ኩብ የሚባለው ቅመም ይገባል ወይ። «ቆይ ባለቤቷን ላገናኝህ» ካሉኝ ተስፋ አለ። «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ካሉኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ከምግቡ ሁሉ የከበደው ግን ገበታው ነው። አንድ ትሪ፣ አምስት እጅ። አንዱ አሁን ዳቦ ቆርሶ በዚያው እጁ ወደ ሽሮው ይገባል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። «በሞቴ!» ይላሉ አክስቴ፣ እጃቸው አየር ላይ ነው። በሞቴ ተብሎ እምቢ ማለት በኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እህቴ በመጀመሪያው ዓመት እምቢ ማለት ስለከበዳት ጎርሳ ታማለች፤ አንዴ አይደለም። ስኳር ያለበትን ሰው «ስኳር አለብኝ» ካለ ማንም ኬክ አያጎርሰውም፣ ቃሉን እናውቀዋለን። ሴሊያክ የሚለው ቃል ግን ለአክስቴ የምግብ ምርጫ ነው የሚመስላቸው፤ ውፍረት እንደሚቀንስ ሰው። አሁን እህቴ «መርዝ ይሆንብኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ነው የምትለው። ትንሽ የተጋነነ ነው፤ ግን ሠርቷል።

ለቅሶ ቤት፣ ዝክር፣ ዳቦ ቆረሳ፣ ቡና ላይ የሚዞረው የገብስ ቆሎ፣ ሁሉም የየራሱ ፈተና አለው። ቁርባን ላይ ብዙ አልናገርም፤ መሥዋዕቱ ስንዴ ነው፣ እሷም ጉዳዩን ከንስሐ አባቷ ጋር ነው የጨረሰችው። ጥያቄው የኛ ብቻም አይደለም፤ ቫቲካን በ2017 በጻፈው ደብዳቤ ግሉተኑ ጨርሶ የወጣ ኅብስት ለቁርባን አይሆንም፣ በጣም የተቀነሰው ግን ይሆናል ብሏል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ ካወቃችሁበት ማለቴ ነው። ቆጮው አለ፣ ቡላው አለ፣ የዳጉሳ፣ የማሽላ፣ የበቆሎ ቂጣ አለ። እህሉን ሳይፈጭ መግዛት፣ ቤት መንፋት፣ ወፍጮ ቤት ማለዳ ድንጋዩ ተጠርጎ የመጀመሪያ ተረኛ መሆን፣ ቢቻል ከጤፉ በፊት ትንሽ የራስን በቆሎ አስፈጭቶ ያንን ለሌላው ቤተሰብ መተው። ይህ አደጋውን ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። ከአቅም ጋር ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ከተገኘ እሱ ይበልጣል። አጃን ግን ተጠንቀቁ። አጃ ራሱ ለአብዛኛው የሴሊያክ ሰው ይስማማል፤ ችግሩ ከገብስና ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱ ነው። ለሕመምተኛ ተብሎ በፍቅር የሚሠራው የአጃ አጥሚት ለእህቴ ዓይነቱ ሰው ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል።

አሁን ቤተሰባችን ሁለት ምጣድ አለው። አዲሱ የእህቴ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ማንም ሌላ ነገር አይጋግርበትም። አሮጌው አክስቴ ጋ ቨርጂኒያ ሄዷል። ለባለፈው ፋሲካ ድፎውን እዚያው ጋግረው፣ በሁለት ላስቲክ ጠቅልለው፣ መኪና ኋላ ጭነው አመጡት። እማዬ ግን ቤት አላስገባችውም። በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ እዚያ አስቀመጠችው። ድፎ ያማረው ሰው እንደ ሲጋራ አጫሽ ወጥቶ፣ በብርዱ ቆሞ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ነው የሚገባው። አጎቴ ሦስቴ ወጡ። በሦስተኛው ሲመለሱ እጃቸውን እያሳዩ «ታጥቤያለሁ» አሉ፣ እህቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ አፏን ከፈተችላቸው።